በአማተር ሬዲዮ ውድድር ቡድኖች ነጥብ የሚያጡባቸው ስህተቶች

የአማተር ሬዲዮ ውድድር፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው የሬዲዮ አፍቃሪዎች በተወሰነ ጊዜ ከብዙ ጣቢያ ጋር ለመገናኘት የሚሽቀዳደሙበት ውድድር፣ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ስለ ትልቅ አንቴናና ስለ ኃይለኛ ማሰራጫ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚወዳደር ቡድን ጉዳዩ ይለያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማህበር ጣቢያ፣ በጥሪ ምልክቱ (በአየር ላይ መለያ ስሙ) ኢቲ3ኤኤ፣ አየር ላይ ሲወጣ የሚጠራው ሰው መዓት ነው። ከኢትዮጵያ የሚሰሙ ጣቢያዎች ጥቂት ስለሆኑ ሁሉም ይፈልጋቸዋል። ስለዚህ ነጥብ የሚባክነው ጠሪ በማጣት አይደለም፤ በአሠራር ነው።

ምሳሌ የማደርገው ሲኪው ወርልድ ዋይድ የተባለውን የ48 ሰዓት ውድድር ነው። የድምፁ ውድድር በኦክቶበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ፣ ማለትም ጥቅምት አጋማሽ አካባቢ ይካሄዳል። የሞርሱ (በአጭርና በረጅም ድምፅ ምልክት የሚደረገው) ደግሞ በኖቬምበር መጨረሻ ነው።

ሰዓቱን ማምታታት

ውድድሩ ቅዳሜ 00:00 ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ላይ ይጀምራል። ይህ በእኛ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ለአባላት «ቅዳሜ ነው» ብቻ ከተባለ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እሱ ሲደርስ ውድድሩ ከተጀመረ 5 ሰዓት አልፎታል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በእኛ ሰዓት ላይ ቀን ከሆነ 3፣ ማታና ሌሊት ከሆነ 15 ጨምሩ፤ ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። ከቀኑ 6 ሰዓት 09:00 ይሆናል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ 16:00። የሎጉን (የግንኙነት መዝገቡን) ኮምፒውተር ዩቲሲ ላይ አድርጉትና ማንም እንዳይነካው።

የተሳሳተ የዞን ቁጥር

በዚህ ውድድር ከእያንዳንዱ ጣቢያ ጋር የምትለዋወጡት የሲግናል ሪፖርት (ጣቢያው እንዴት እንደሚሰማ የሚገልጽ ቁጥር) እና የዞን ቁጥር (ዓለም ለውድድሩ የተከፈለችባቸው ክልሎች ቁጥር) ነው። የኢትዮጵያ 37 ነው። በሐምሌ የሚደረገው ሌላ ውድድር ግን በአይቲዩ (የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት) ዞን ስለሚሠራ ቁጥራችን 48 ይሆናል። የመመዝገቢያ ሶፍትዌሩ ከሐምሌው እንደነበረ ከቀጠለ 48 እየላከ ያድራል። ከመጀመሩ በፊት አንድ የሙከራ ግንኙነት መዝግባችሁ እዩት።

ለጮኸ ሁሉ መልስ መስጠት

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የቡድን ብቃት የሚለየው እዚህ ነውና። ጥሪ ታሰማላችሁ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ድምፅ ይወርድባችኋል። ከትርምሱ «ዴልታ ሊማ» የሚል ቁራጭ ብቻ ያዛችሁ። በሬዲዮ የፊደል አጠራር «ዲኤል» ማለት ነው፤ ጀርመናዊ ነው። «ዴልታ ሊማ፣ ፋይቭ ናይን ስሪ ሰቨን» ብላችሁ ትመልሳላችሁ፤ 59 የሲግናል ሪፖርቱ፣ 37 ዞናችን ነው። ወዲያው ከጣሊያን አንድ ጉልበታም ጣቢያ ከላይ ይጫናል። ፈተናው ይሄ ነው። ለጣሊያኑ ከመለሳችሁ፣ የሚሰሙት ሁሉ መጮህ እንደሚያዋጣ ይረዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥርዓት አይመለስም። ደጋግማችሁ «ዴልታ ሊማ ብቻ» በሉ። ሙሉ የጥሪ ምልክቱን እስክትይዙ አትልቀቁት። መጀመሪያ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ በኋላ ግን ጠሪዎቹ ተራ መጠበቅ ይጀምራሉ፣ ፍጥነቱም ይጨምራል።

የራሳችሁን የጥሪ ምልክት አለመናገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አንድ ወይም ሁለት ሰው ካስተናገዳችሁ በኋላ «ኢኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ» እንደማለት ሙሉውን ጥሩ። አዲስ የመጣ ሰው ማንነታችሁን ሳያውቅ መጠበቅ የለበትም።

ጎረቤትን መናቅ

ከሌላ አህጉር ጋር አንድ ግንኙነት 3 ነጥብ ነው፤ ከሌላ የአፍሪካ አገር ጋር 1 ነጥብ። ስለዚህ ብዙ ኦፕሬተር አውሮፓን እንጂ ኬንያን አይፈልግም። እንቁጠረው። 1,000 ግንኙነት፣ 3,000 ነጥብና 100 ማባዣ አላችሁ እንበል፤ ነጥቡ በማባዣው ተባዝቶ ውጤቱ 300,000 ነው። ማባዣ የሚባለው በየባንዱ (በየሞገድ ክልሉ) የምታገኙት አዲስ አገርና አዲስ ዞን ነው። አንድ ጀርመናዊ ስትጨምሩ፣ ጀርመን ከዚህ በፊት ተይዞ ከሆነ፣ 300,300 ይሆናል። በዚያ ባንድ ያልያዛችሁትን ኬንያ ስትጨምሩ ግን 3,001 በ101 ተባዝቶ 303,101። የ1 ነጥቡ ግንኙነት ከ3ቱ አሥር እጥፍ በላይ አመጣ! በአገር ውስጥ የሚደረግ ግንኙነት እንኳ ነጥቡ 0 ሆኖ ማባዣነቱ ይቆጠራል።

አንድ ባንድ ላይ መጣበቅ

ባንዶች በሞገዳቸው ርዝመት ይጠራሉ፤ 20 ሜትር ስለሚመች ብቻ ቀኑን ሙሉ እዚያ መዋል ኪሳራ ነው። ጸሐይ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታት ጠዋት 10 እና 15 ሜትር ላይ ጃፓን ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሽት ደግሞ አሜሪካ ይከፈታል። ሌሊት 40 እና 80 ሜትር ይረከባሉ። ባንድ መቀየር በአንዳንድ ምድቦች ገደብ ስላለው ግን ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ።

ወንበሩን ለአንድ ሰው መተው

ጎበዙ ኦፕሬተር ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ የተደሰተ ይመስላል፤ ጆሮው ግን ደክሟል፣ ፊደል ያምታታል። በእኔ እምነት ከሁለት ሰዓት በላይ ማንም መቀመጥ የለበትም። ጀማሪዎችን ደግሞ ባንዱ ጸጥ ሲል ብቻ ማስቀመጥ ልባቸውን ይሰብራል። ሁለተኛ ሄድፎን ሰክታችሁ ጠሪ በሚበዛበት ሰዓት ከጎበዙ ጎን አስቀምጧቸው። ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

መብራትና ሎግ

መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ሬዲዮው ግን ወዲያው ይዘጋል። የመኪና ባትሪ ተሞልቶ በቅርብ ይቀመጥ። ሎጉን በየጊዜው ፍላሽ ላይ ቅዱት።

የጥሪ ምልክት ከተሳሳተ ግንኙነቱ ይሰረዛል፤ በዚያ ላይ የነጥቡ እጥፍ ይቀነሳል። ስለዚህ የተጠራጠራችሁትን እዚያው ጠይቁ። ከውድድሩ በኋላ ቀረጻ ወይም ዳታቤዝ እያዩ ማረም ክልክል ነው። ሎጉ የሚላከው ውድድሩ ባለቀ በ5 ቀን ውስጥ ስለሆነ አንድ ሰው በስሙ ኃላፊነቱን ይውሰድ፤ ምድቡን በትክክል መሙላቱንና የመቀበያ ማረጋገጫ መምጣቱንም እሱው ይከታተል።