የጥቁር ክላሲካል አቀናባሪዎችን ስናደምጥ የምንሳሳተው

የጥቁር አሜሪካዊቷ አቀናባሪ የፍሎረንስ ፕራይስ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ አንድ ቤት ነው። በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባልና ሚስት ሴንት አን፣ ኢሊኖይ ውስጥ የፈራረሰ ቤት ሲያድሱ ክምር የኖታ ወረቀት አገኙ። ሁለት የቫዮሊን ኮንቸርቶዎች (ለአንድ ቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የተጻፉ ሥራዎች) እና አራተኛው ሲምፎኒዋ (ባለ ብዙ ክፍል የኦርኬስትራ ሥራ) እዚያ ነበሩ።

«የጠፋው ተገኘ» ብሎ ማለፍ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሙዚቃዋ ያጣው ሰሚ ነው። የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በ1933 አንደኛ ሲምፎኒዋን ተጫውቶ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ለቦስተኑ ኦርኬስትራ መሪ ለኩሴቪትስኪ ጻፈች። ሴትም ጥቁርም መሆኗ እንቅፋት እንደሆነባት ሳትሸፋፍን ነገረችው። ሥራዋን አላቀረበላትም። በ1953 አረፈች። ይሄ ካልተነገረ በደሉ አጋጣሚ ይመስላል።

ሌላው ስህተት ከአንደኛ ሲምፎኒዋ አንድ ክፍል ቆርጦ መስማት ነው። ብዙዎች የሚመርጡት ሦስተኛውን፣ «ጁባ ዳንስ»ን ነው። ጁባ ከበሮ የተከለከሉ ባሮች ጭናቸውንና ደረታቸውን እየመቱ ይጨፍሩት የነበረ ነው፤ በእርግጥም ቁጭ አያስብልም። እኔ ግን ሁለተኛውን ክፍል እንዳያልፉት እለምናለሁ። ትራምፔቱና ትሮምቦኑ እንደ ቤተክርስቲያን መዝሙር ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ፍሉትና ክላርኔቱ እንደ ተቀባይ ይመልሱላቸዋል። ወደ መጨረሻው ደወል ይገባል። ስልክዎን አስቀምጠው፣ ሳያቋርጡ ይስሙት።

«ጥቁሩ ሞዛርት» የሚለውንም ቅጽል ቢተዉት ደስ ይለኛል። በዚህ ቅጽል የሚጠራው፣ በካሪቢያኗ ደሴት ጓዴሎፕ የተወለደው ሼቫሊየ ደ ሳን ዦርዥ ሞዛርትን በ10 ዓመት ይበልጠዋል። ፓሪስ ውስጥ ቫዮሊኒስት፣ አቀናባሪና የኦርኬስትራ መሪ ነበር። የራሱ ስም ይበቃዋል።

የመጨረሻው እኛንም ይነካል፦ ጥቁር ሰው ፒያኖ ላይ ከተቀመጠ ጃዝ ነው ብሎ መደምደም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ስንት ሰው «ጃዝ» እያለ ያስተዋውቃቸዋል! በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ተምረዋል። የያሬድን ዜማም ያውቁ ነበር። ግራ እጃቸውን ለብቻው ይከታተሉት፤ የፒያኖ አቀናባሪውን ቾፒንን የሚያውቅ እጅ ነው። ቀኙ ደግሞ የእኛን ቅኝት ይዞ፣ ለምት ሳይቸኩል ይሄዳል።