የልጅዎ ሳል ስንተኛ ቀኑ ነው? ማይኮፕላዝማ ሲመረመር የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ክረምቱ ሲከብድ ላብራቶሪያችን በር ላይ የሚያስሉ ተማሪዎች ይበዛሉ። ማይኮፕላዝማ የተባለው የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ በተለይ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ይይዛል።

የመጀመሪያው ስህተት ቀን ሳይቆጥሩ ውጤት ማመን ነው። አንዲት እናት ከአዘዞ የ7 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ማሳል ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የደም ምርመራው፣ አይጂኤም የምንለው፣ ኔጌቲቭ ሆነ። «ተመስገን፣ ነፃ ነው» ብላ ሄደች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሳሉ ብሶበት ተመለሱ። ያው ምርመራ አሁን ፖዘቲቭ አለ። ሰውነት ይህን ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እኔም ቀኑን ጠይቄ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ደም አልቀዳም። ነገሩ በተቃራኒውም ያሳስታል። አይጂኤም ልጁ ከዳነ በኋላ ለወራት ደሙ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ፖዘቲቩ ያለፈው ሕመም ቅሪት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ አንዳንዴ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛ ደም የሚያዘው። በሁለተኛው ደም የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን አራት እጥፍ ከጨመረ በሽታው የአሁን ነው።

ሁለተኛው፣ ፒሲአርን እንደ መጨረሻ ፍርድ ማየት። ከጉሮሮ በጥጥ የሚወሰደው ይህ ናሙና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከደሙ ይሻላል፤ የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዘረመል ነውና። ግን ጤነኛ ልጅም ባክቴሪያውን ጉሮሮው ውስጥ ይዞ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ የማያስለውን ወንድሙን «ለማንኛውም» ብሎ ማስመርመር ግራ ከማጋባት በቀር አይጠቅምም።

ሦስተኛው፣ «አክታው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ምንም አልተገኘም» ብሎ መዝጋት። ማይኮፕላዝማ የሴል ግድግዳ የለውም፤ ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ ለማየት በምንጠቀምበት ግራም በተባለው ቀለም አይታይም። አሞክሳሲሊንም የሚሠራው ግድግዳውን በማፍረስ ስለሆነ እሱን አይነካውም። ልጅዎ አሞክሳሲሊን ወስዶ ካልተሻለው ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ትልቅ ፍንጭ ነው። አዚትሮማይሲን የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ ግን ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ። መድኃኒቱን የተላመደ ማይኮፕላዝማ አለ። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ፣ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፣ ለታመመ ልጅ አይደርስም።

የነጭ ደም ሴል ቁጥር ልክ መሆኑም ነፃ ነው አያሰኝም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ውጤት እየጠበቁ መዘግየት ነው። ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ የላብራቶሪ ወረቀት አይጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።