አያቶች ቅዳሜና እሁድ ልጃቸው ቤት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጅ አሳድጎ፣ ድሮ ኩሎ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው የልጅ ልጁን ለማየት ቢጓጓ አይፈረድበትም። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ልደታ፣ ሜክሲኮ ልጅ ያለን አያቶች ብዙ ነን። ቅዳሜ ሲደርስ እግራችን አይቆምም። ችግሩ ሁለቱ ቀናት አጭር መሆናቸው ነው። ወጣቶቹ ባልና ሚስትም ሳምንቱን ሙሉ ሲሯሯጡ ከርመው ትንፋሽ የሚያገኙት በእነዚሁ ሁለት ቀናት ነው። ስለዚህ ከፍቅር ብዛት የምንሠራት ትንሽ ጥፋት ቶሎ ትገዝፋለች። ከታች የማነሳቸው ሁሉ መነሻቸው አንድ ነው፦ ቤቱ እናትና አባት እንዳለው መርሳት።

አርብ ማታ ከች ማለት

ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር በሰላም የመጣ ሰው ከላምበረት መናኸሪያ ወዲህ ያለችው መንገድ ታማርረዋለች። አርብ ከ11 ሰዓት በኋላ መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፉን ያየ ያውቀዋል። እርስዎ ደክመው፣ እነሱም ከሥራ ደክመው፣ ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ መድረስ ለማንም አይበጅም። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል። ግን ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ብዙ ነው። ሐሙስ ማታ ደውለው «ቤት ማን አለ? ስንት ሰዓት ልምጣ?» ይበሉ። የራስ ልጅ ቤት ቢሆንም ይደወላል።

ገበያውን ጠቅልሎ መሸከም

ባዶ እጅ መሄድ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በሕይወት ያለ ዶሮ፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍና አንድ ማዳበሪያ ድንች ማን ያወጣዋል? ዶሮው የት ይታረዳል? ፍሪጁስ ይችለዋል? መጀመሪያ «ምን አልቆባችኋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ኪሎ የተነጠረ ቅቤ ወይም ትንሽ በርበሬ ነው። እርስዎ ያዘጋጁት በርበሬ ከገበያው እንደሚበልጥ እነሱም ያውቁታል።

«እናንተንም ያሳደግናችሁ በዚሁ ነው» ማለት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የልጅ ጤና ያለበት ጉዳይ ነው።

ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው የሚያስፈልገው የእናት ጡት ብቻ ነው። ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ጤና ጣቢያ ያሉት ነርሶች ለእናትየዋ ደጋግመው የሚነግሯት ይህንኑ ነው። እኛ ያየነው ሌላ ነበር። አራስ ልጅ ቅቤ ይውጥ ነበር፣ ሆዱን ሲነፋው የአብሽ ውኃ ይቀምስ ነበር። ያኔ የተረፈው ልጅ አጠገባችን ስላለ ልክ የነበርን ይመስለናል። ያልተረፉትንም ግን እናስታውሳቸው። ማርም ቢሆን ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል፤ ለትልቅ ሰው የማያሰጋው ለሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ደግሞ ጭራሽ መነሳት የለባቸውም። ደም ያፈሳሉ፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ የሚያድኑት በሽታ የለም።

ቆሎውን ደግሞ እንይ። አያት ያለ ቆሎ አይመጣም፤ የሁላችንም መለያ ነው። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ኦቾሎኒው በፌስታል ተቋጥሮ ከቦርሳ ይወጣል። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ግን የሚፈጭበት መንጋጋ ገና አልጠነከረም። አፉ ውስጥ ይዞት ይሮጣል፣ ይስቃል። ሲስቅ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ አንዷ ኦቾሎኒ ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ አየር ቧንቧ ትገባለች። ልጁ ይስላል፣ ይታፈናል። ፍሬዋ ካልወጣች ሆስፒታል ነው መጨረሻው። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቆሎ አይስጡ። ቆሎውን ለአባትየው ይስጡትና ለትንሹ በሶ ይበጥብጡለት፤ እሱንም እናቱን ጠይቀው።

ቦርሳን ልጅ የሚደርስበት ቦታ መተው

የአያት ቦርሳ ለልጅ ትልቅ ምስጢር ነው። ከረሜላ እንደሚወጣበት ያውቃል። ከጎን ኪስ ውስጥ ግን የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሪህ መድኃኒት አለ። አንዳንዶቻችን ከካርቶኑ አውጥተን፣ የጠዋቱንና የማታውን ቀላቅለን፣ በትንሽ ፌስታል ቋጥረን ነው የምንይዘው። ቀይዋ ክኒን ከረሜላ ትመስላለች። አንዳንዱ የስኳር መድኃኒት አንዲት ፍሬው እንኳ የሕፃንን የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። የደም ማነስ የብረት ክኒንም ለልጅ መርዝ ነው። እንደገቡ፣ ነጠላዎን ሳያወርዱ፣ ቦርሳዎን ከቁም ሳጥን ላይ እንዲሰቅሉልዎ ይጠይቁ።

ምራትን መመዘን

ብዙ ቤት ያቀዘቀዘው ይህ ነው። «ልጄ ከሳብኝ» ብሎ ሚስቱ እየሰማች መናገር። የድስት ክዳን እየከፈቱ ማየት። «ይቺ ልጅ ለምን አትወፍርም?» ብሎ ሕፃኗን አገላብጦ መመዘን። እኛ እንደ ወሬ የወረወርነውን ምራት እንደ ፍርድ ነው የምትሰማው። እሷ ምንም አትመልስም፤ አክብራን ነው። ዝም ማለቷን ግን እንደ መስማማት አንቁጠረው። እሁድ ማታ እኛ ከወጣን በኋላ ነገሩ በባልና ሚስት መካከል ይነሳል።

በምትኩ ሥራ እንያዝ። «ምን ልርዳሽ የኔ ልጅ?» ሲሏት «አረፍ ይበሉ እማማ» ትላለች። ባህሏ ነውና ሌላ መልስ አይጠብቁ። ስለዚህ ለይተው ይንገሯት። «ሕፃኑን እኔ ልያዘው፣ አንቺ እስከ ሰባት ሰዓት ተኚ።» ለሊቱን ስታጠባ ላደረች ሴት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ምግቧን ከወደዱት ደግሞ ባሏ ፊት ይንገሯት፤ ደስ ይላታል።

ቤት ውስጥ ሠራተኛ ካለች እሷንም እንደዚያው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ልጁን የምትይዘው እሷ ናት፤ ልጁ በምን እንደሚተኛ ከእኛ ይልቅ ታውቃለች። እሁድ ዕረፍቷ ከሆነ «እንግዳ እያለ ወዴት ነው?» አይበሏት።

ከሰል ይዞ በር መዝጋት

ቡና የሌለው ቅዳሜ አይታሰብም። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ከምራት ጋር የሚወራው ወሬ የጉብኝቱ ጣፋጩ ክፍል ነው። ነገር ግን ትንሽ ሳሎን ውስጥ፣ ልጁ እንዳይበርደው ተብሎ መስኮት ተዘግቶ፣ የከሰል ምድጃ አይቀመጥም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ ያዞራል፣ ሲበዛ ይገድላል። በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ወይም ኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። ጀበናዋም ብትሆን ረከቦቱ አጠገብ ወለል ላይ ስትቀመጥ መዳህ ለጀመረ ልጅ ልክ እጁ የሚደርስባት ናት። አንድ ሰው ልጁን ይያዝ፣ አንድ ሰው ይቅዳ።

ሁለቱን ቀን በዘመድ ቤት መጨረስ

አዲስ አበባ መግባትዎ ከተሰማ ስልክ አያቋርጥም። አክስት፣ ያገር ልጅ፣ የለቅሶ ቤት፣ ያልተደረሰ ሰርግ። ሁሉም ያስቀይማል። ግን ልጅዎ መኪና ይዞ ሲያዞርዎ ውሎ ሕፃናቱ ወንበር ላይ ተኝተው ሲመለሱ፣ የመጡበት ነገር ሳይሆን ቀረ። ለቅሶ ከሆነ ይድረሱ። ሌላው በስልክ ይሁን።

ይልቅ አንድ ቦታ ብቻ መርጠው ከልጆቹ ጋር ይውጡ። ልጁ እንስሳ ከወደደ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች አሉት። ትንሽ ከፍ ካለ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይውሰዱት። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር የተገኘችውን የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን ታሪክ እዚያ ያገኛል። «ከእርስዎም ትበልጣለች አባባ?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ በደንብ ይመልሱለት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ ለአያት የተሠራ ነው። የ1888ቱን ጦርነት ከአያቶቹ የሰማ ሰው ለልጅ ልጁ የሚነግረው አያጣም።

ታዲያ እግርዎን ይወቁ። ከቆላ ለመጣ ሰው አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከአምባሳደር ወደ አራት ኪሎ ያለው ዳገት ልብ ያፈርሳል። እሁድ ቅዳሴ ልጁን ይዘው መሄድ ከፈለጉም ማታውኑ ወላጆቹን ያማክሩ።

በልጁ አነጋገር መቆጣት

የከተማ ልጅ ቀለም በእንግሊዝኛ ሊቆጥርልዎ ይችላል። «አማርኛ አታውቅም እንዴ?» ብለው ካሸማቀቁት ከእርስዎ ጋር ማውራቱን ይተዋል። መብራት አጥፍተው «ተረት ተረት» ይበሉት። «የላም በረት» ማለትን በአንድ ምሽት ይለምዳል። ከአክስቱ ልጅ ጋር ማወዳደርም ይቅር።

«አልደከመኝም» ማለት

አንዳንድ ልጆች አያት መጣ ማለት ነፃ ወጣን ማለት ይመስላቸዋል። ሁለቱን ሕፃናት ጥለው ቀኑን ሙሉ ይጠፋሉ። እኛም «ኧረ ምንም አይደል» እንላለን፣ ማታ ወገባችን አይታጠፍም፣ የግፊቱን መድኃኒት ረስተነዋል። ይህ ፍቅር ቢሆንም ስህተት ነው። «ከሁለት ሰዓት በላይ ብቻዬን አልችላቸውም» ማለት ነውር አይደለም። ልጃችን ካልነገርነው ከየት ያውቃል? ምግቡ ጨው ከበዛበትም፣ ስኳር ያለበት ሰው ኬክ ከቀረበለትም እንዲሁ በግልጽ ይናገሩ። ለእርስዎ ሲሉ ያዘጋጁት በመሆኑ ስለሚሰማቸው፣ በለሆሳስ ይሁን እንጂ ይንገሯቸው።

ሹልክ ብሎ መሄድ

እሁድ ከሰዓት ቤቱ ሥራ ይበዛበታል። ልጆቹ ይታጠባሉ፣ ዩኒፎርም ይተኮሳል፣ የሰኞ ምሳ ዕቃ ይታሰባል። ከስምንት ሰዓት በፊት ቢነሱ ለእነሱም ይቀላል፣ እርስዎም ሳይመሽ ይገባሉ።

አወጣጥዎ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ልጁ እንዳያለቅስ ተብሎ ሲተኛ ጠብቆ መውጣት ልማድ ሆኗል። ልጁ ሲነቃ አያቱ የለም። በሚቀጥለው ጊዜ አያቱ መጸዳጃ ቤት ሲገባ እንኳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ነገ እመጣለሁ» ብሎ መዋሸትም እንዲሁ ነው፤ ልጅ ነገን ይቆጥራል። ተቀምጠው፣ ዓይኑን እያዩ ይንገሩት። «አሁን ወደ ቤቴ ልሄድ ነው። የምመጣው ለፋሲካ ነው። እስከዚያ እሁድ እሁድ እደውልልሃለሁ።» ያልቅስ፤ ያቅፉት፤ አባቱ ይቀበልዎት። ከዚያ እሁድ ሲደርስ መደወል ነው፣ በተለይ ልጁ እራት ሳይበላ።