ኢስላማዊ ኪነ ህንፃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

ጉልላትና ሚናራ ከሌለው መስጂድ አይደለም ብሎ የሚያስብ ሰው በጣም ብዙ ነው፣ ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዋናው ነገር ቂብላው ነው፣ ወደ መካ መዞሩ፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ቻይና ዢያን ከተማ ያለው ታላቁ መስጂድ ጣሪያው ልክ እንደ ቻይና ጥንታዊ ቤቶች ነው፣ ጉልላት ፈልጋችሁ አታገኙም። ኢራን ኢስፋሃን ያለውን የሻህ መስጂድ ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት፣ በፈረንጅ 1611 ነው የተጀመረው። በሩ ከአደባባዩ ጋር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አደባባዩ ግን ወደ መካ አይዞርም፣ ስለዚህ በሩን አልፋችሁ ስትገቡ መተላለፊያው ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ገደማ ይወስዳችሁና ግቢው ውስጥ ስትደርሱ ሳይታወቃችሁ ፊታችሁ ወደ ቂብላ ዞሯል። የአደባባዩም ውበት አልተነካ፣ ሰላቱም በአቅጣጫው ሆነ። በጣም የሚገርም ጥበብ ነው!

ሌላው ያማረውን ህንፃ ሁሉ መስጂድ ማለት ነው። ህንድ ያለው ታጅ ማሃል መቃብር ነው፣ ንጉሱ ሻህ ጃሃን ለሚስቱ ለሙምታዝ ያሰራው፤ መስጂዱ ከጎኑ በምዕራብ በኩል ያለው ቀዩ ህንፃ ነው። ኢየሩሳሌም ያለው ባለ ወርቅ ጉልላቱም ቁበቱ ሰኽራ (የአለቱ ጉልላት) ይባላል፣ ኸሊፋ አብዱልመሊክ ያሰራው በ691 አካባቢ የተጠናቀቀ፣ አለቱን መሀል አድርጎ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የተሰራ ነው። ግቢው በሙሉ አል-አቅሷ ስለሚባል ነው ሰው የሚምታታበት፣ ዋናው መስገጃ ግን በደቡብ በኩል ያለው ባለ ግራጫ ጉልላቱ ነው። ፎቶ ስትለጥፉ እባካችሁ ይሄን ለዩ።

ከዛ ደግሞ "የአረብ ስታይል" ብሎ ሁሉንም በአንድ መጠቅለል አለ። ኧረ አይሆንም! የኦቶማኖቹ አርክቴክት ሲናን ቱርክ ኤዲርኔ ላይ በ1575 ያለቀውን የሰሊሚዬን መስጂድ የሰራው ከሱ 1000 አመት በፊት በቤተክርስቲያንነት ከተሰራችው የኢስታንቡሏ ሀጊያ ሶፊያ ጋር እየተፎካከረ ነው። ስፔን ኮርዶባ ያለው መስጂድ ላይ ደግሞ ከሮማውያን ህንፃ የተወሰዱት አምዶች አጭር ስለነበሩ ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ቅስት በቅስት ላይ ደረቡበት፣ ያ ቀይና ነጭ የሆነው ድርብ ቅስት የመጣው ከዛ ነው። ማሊ ጄኔ ያለው መስጂድ በጭቃ ነው የተሰራው፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉት እንጨቶች ያምራሉ፣ ግን ህዝቡ በየአመቱ ወጥቶ ሲለስነው የሚቆምባቸውም ናቸው። እኛም ጋ ሐረር ጀጎል ውስጥ ዩኔስኮ 82 መስጂዶች ቆጥሯል፣ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ከሰፈሩ ቤቶች ጋር ተጠጋግተው ነው የቆሙት፣ የኢስታንቡል አይነት ግዝፈት ጠብቆ የሄደ ሰው አጠገባቸው እያለፈ እንኳን ላያያቸው ይችላል።

የሰው ስዕል የለበትም የሚባለውም ለመስጂድ ከሆነ ባብዛኛው ልክ ነው፣ ቤተ መንግስት ላይ ግን አይሰራም። ዮርዳኖስ በረሃ ውስጥ ያለችውን ቁሰይር አምራ እዩ፣ የኡመውዮች ስርወ መንግስት ገዢዎች በ8ኛው ክፍለ ዘመን የሰሯት ናት፣ ግድግዳዋ ላይ አዳኞች፣ ነገስታትና ገላቸውን የሚታጠቡ ሴቶች ሳይቀሩ ተስለዋል።