ለጉዞ ጓደኛ መጽሐፍ እንዴት ይጠቆማል?

ከአዲስ አበባ ከሚነሱት የእግር ጉዞ ቡድኖች ወደ አንዱ የገባ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም፦ «የሰሜን ተራራ ጉዞ ደርሷል፤ ምን ባነብ ይሻላል?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የአሥርና የአሥራ አምስት መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ጠያቂው «በጣም አመሰግናለሁ» ይላል፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ዝርዝር ሰውን አያስነብብም። ለዚያ ሰው፣ ለዚያ መንገድ ተብሎ የተመረጠ አንድ መጽሐፍ ግን ያስነብባል። እሱን የመምረጥ ዘዴ የሚለመድ ነው፤ እኔ የምከተለውን ላሳያችሁ።

1. መጀመሪያ መንገዱን ለዩ

«ስለ ተፈጥሮ ጥሩ መጽሐፍ» ከሚል አትነሱ። ጉዞው ወዴት ነው? ሰው ሊያየው የተዘጋጀውን አገር የሚያውቅ መጽሐፍ ከሰጣችሁት ግማሹ ሥራ አልቋል።

ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ ለሚሄድ ሰው የዓለማየሁ ዋሴን «እመጓ» እሰጣለሁ። ታሪኩ የሚወስደን ወደ መንዝ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠና የሥነ ምህዳር ባለሙያ ስለሆነ ዛፉንም ገደሉንም የሚያየው በሚያውቅ ዓይን ነው። የጓሳ ሣር የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ሀብት ነው። መንዝን በመጽሐፍ ቀድሞ ያገኘ ተጓዥ እዚያ ሲደርስ ጭላዳ ፎቶ አንስቶ ብቻ አይመለስም፤ ከእረኛው ጋር ቁጭ ብሎ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ይጠይቃል።

ወደ ደብረ ሲና እና ወደ ወፍ ዋሻ ደን ለሚወርድ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» አለ። በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ የዚያን አካባቢ ገደልና ሰው በደንብ ያሳያል። ንግግሩ የበዛ፣ አረፍተ ነገሩም የተወሳሰበ ስለሆነ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ። ለሰሜን ተራሮች የምመርጠው «ፍሮም ዘ ሩፍ ኦቭ አፍሪካ» የሚለውን የሲ. ደብልዩ. ኒኮል መጽሐፍ ነው። ሰውየው በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዋርደን (የጥበቃ ኃላፊ) ነበር። ዋልያ እንዴት ይታደን እንደነበር፣ ደኑ እንዴት ይመነጠር እንደነበር፣ ጥበቃው በምን ችግር እንደተጀመረ ከሱ በላይ በቅርብ የጻፈ አላጋጠመኝም። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሲሄዱ ያንን ማወቅ የእግር መንገዱን ሌላ ያደርገዋል።

2. ሰውየውን እየሄዳችሁ አጥኑት

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በአብዛኛው የሚነግራችሁ ማንበብ ይገባኛል ብሎ የሚያስበውን ነው። ታሪክ ይላል፤ ፍልስፍና ይላል። ያንን አምናችሁ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ብትሰጡት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። ጥያቄውን ተዉትና በመንገድ ላይ ሰውየውን ምን እንደሚያቆመው እዩ። እግር አይዋሽም።

መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ አብሮን የሚሄድ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ። ሁላችንም ወደ ላይ ስንጣደፍ እሱ ወደኋላ ይቀራል። ዞር ብዬ ሳየው የኮሶ ዛፍ ሥር ቆሞ የሚላጠውን ቅርፊት በጣቱ እየነካ ነው። ከላይ የተንዠረገገውን አበባ አይቶ «ይሄኛው ቀላ ያለው፣ ያኛው ነጣ ያለው ለምንድን ነው?» አለኝ። ኮሶ ሴቴና ወንዴ አለው፤ ቀላ ያለው ሴቴው ነው። ይህ ሰው «ምን ታነባለህ?» ሲባል «እኔ እንኳ አንባቢ አይደለሁም» ነበር መልሱ። የዶክተር አዜነ በቀለ ተሰማን «ዩዝፉል ትሪስ ኤንድ ሽራብስ ፎር ኢትዮጵያ» አዋስኩት። መጽሐፉ ለየዛፉ ሥዕል፣ የሚበቅልበትን የአየር ጠባይ፣ ጥቅሙን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚጠራበትን ስም ይሰጣል። ስሙን በአገርኛ የሚያገኝ ሰው እንግሊዝኛው አያስፈራውም፤ ከገበሬው ጋር የሚያወራበት ቃልም ያገኛል። አሁን ጽድና ዝግባ የሚያምታታ ሰው ሲያጋጥም ወደ እሱ ነው የምንልከው።

ሌላው ተጓዥ ዛፍ አያቆመውም፤ ሰው ያቆመዋል። ውኃ ለመጠጣት ገብቶ ቡና ተፈልቶለት የሚወጣ፣ የባለቤቲቱን የልጆች ስም ሳይቀር ይዞ የሚመጣ ዓይነት ነው። ለእሱ የደርቭላ መርፊ «ኢን ኢትዮጵያ ዊዝ ኤ ሚዩል» ይሆነዋል። አየርላንዳዊቷ ጸሐፊ በ1966 እና 1967 (እ.ኤ.አ.) ከሰሜን ተነሥታ፣ ብዙውን መንገድ ጆክ የሚባል በቅሎ እየነዳች፣ አዲስ አበባ ገብታለች። ሽፍቶች ዘርፈዋታል፤ ማታ ማታ ያገኘችው ጎጆ ውስጥ እንግድነት እየጠየቀች አድራለች። ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ ያስተናገዷትን ሰዎች ነው የምናስታውሰው።

ስልኩን እያወጣ ከፍታ የሚያይ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት የሚመዘግብ ደግሞ አለ። የጆን ክራካወር «ኢንቱ ቲን ኤር» ለሱ ነው፤ በተለይ ቡድን የሚመራ ከሆነ። በግንቦት ወር 1996 (እ.ኤ.አ.) ኤቨረስት ላይ በአንድ የበረዶ ማዕበል 8 ሰዎች የሞቱበት ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው ራሱ እዚያው ነበር። ከመጽሐፉ የሚወሰደው ትልቁ ነገር የመመለሻ ሰዓት ነው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ጫፍ ላይ ቢደረስም ባይደረስም መመለስ እንዳለበት ተነግሮ ነበር፤ ሰዓቱ አለፈ፣ ሰዎች ግን መውጣታቸውን ቀጠሉ። ራስ ደጀን ኤቨረስት አይደለም። ነገር ግን «ትንሽ ነው የቀረን» እያለ ቡድኑን በጨለማ የሚያስወርድ መሪ እንጦጦ ላይም አለ፤ እሱ ይህን ማንበብ አለበት።

መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅስ? አታስጨንቁት፤ አስደምጡት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው በቀላሉ ይገኛል። ወደ ጮቄ ስትሄዱ የዓባይን በረሃ ወርዶ እስኪወጣ አውቶቡሱ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ሰዓት ለጉዱ ካሣ ይበቃዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም በመስኮት ከሚታየው ጎጃም ጋር ሲገጣጠም የሚሰማውን ስሜት ለማንም አላብራራም፤ ጆሮ ማዳመጫ ብቻ እሰጣለሁ። በኋላ መጽሐፉን ራሱ የሚጠይቅ ብዙ ነው።

3. ሳታስረዝሙ ንገሩት፣ የሚከብደውንም አትደብቁ

መጨረሻውን አትናገሩ። «ሕይወቴን የለወጠ መጽሐፍ ነው» አትበሉ፤ ስለ መጽሐፉ ምንም አይነግርም። የት አገር እንደሆነ፣ ማን እንደሚሄድበት፣ ለምን ለሱ እንደመረጣችሁት ተናገሩ፤ ከዚያ የቱ ጋ እንደሚሰለች ጨምሩ። «አደፍርስን ስትጀምር ክርክሩ ይበዛብሃል፤ ቀስ ብለህ ሂድበት፣ የቸኮልክ ቀን ተወው» የተባለ ሰው ገጹ ሲከብደው ጥፋቱ የሱ አይመስለውም። ሳይነገረው የቀረው ግን እዚያው ዘግቶት ቀጥሎ የምትጠቁሙትንም አያምናችሁም።

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ በቅድሚያ ንገሩት፣ ሰው ፊት ግን አይሁን። «እንግሊዝኛህ እንዴት ነው?» ብሎ በቡድን መሐል መጠየቅ ነውር ነው። በአማርኛ አማራጭ ይዛችሁ ቅረቡ። ተጫነ ጆብሬ መኮንን የተረጎሙት የአዶልፍ ፓርለሳክ «የሀበሻ ጀብዱ» በዚህ በኩል ተወዳዳሪ የለውም። ቼካዊው ጸሐፊ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ ካሣ ጦር ጋር እስከ ተምቤን የዘመተበት ነው፤ በእግርና በበቅሎ የሚኬደው መንገድ፣ ብርዱ፣ ከአውሮፕላን ለመሰወር በሌሊት መጓዙ ሁሉ ተጓዥን ይይዛል። ትርጉሙ እንደ ውኃ የሚፈስ ስለሆነ ብዙ የማያነብ ሰውም ይጨርሰዋል።

የድሮ የውጭ አገር ተጓዦችን መጽሐፍ ስትጠቁሙ ሌላ ኃላፊነት አለባችሁ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1910 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1933 እና 1934 አዋሽን ተከትሎ እስከ መጨረሻው፣ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ሄዷል። «ዘ ዳናኪል ዳየሪ» ያንን ጉዞ ይዟል። ጀግንነቱ አይካድም፤ አፋርን የሚያይበት ዓይን ግን የዘመኑና የወገኑ ዓይን ነው። ቡድናችሁ ውስጥ አፋር ጓደኛ ካለ ያንን ሳትነግሩት መጽሐፉን ብትሰጡት ያዝናል፤ ሌላውም ተጓዥ ሰመራ ሲደርስ ያነበበውን ፍርሃት ተሸክሞ ይደርሳል። አንብቡት፣ አስነብቡትም፤ መጀመሪያ ግን ተናገሩ።

4. ጊዜውን ጠብቁ

ሰው ሞቶ የሚያልቅ የተራራ መጽሐፍ ለጀማሪ ከጉዞው በፊት አይሰጥም። ቡድናችን ውስጥ አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰሜን ልትሄድ ስትል አንድ ጓደኛችን በቅንነት «ኢንቱ ቲን ኤር»ን ሰጣት። ከፍታ ላይ አንጎል ስለማበጥ አንብባ መጣች። ሳንቃበር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀለል ያለ ራስ ምታት ብዙዎችን ይይዛል፤ ውኃና ዕረፍት የሚያስታግሰው ዓይነት ነበር። እሷ ግን ሌሊቱን ስትፈራ አድራ ጠዋት ወደ ደባርቅ ተመለሰች። ያው መጽሐፍ ከጉዞው በኋላ ቢደርሳት ታሪኩን በሌላ መንፈስ ታነበው ነበር።

ከጉዞ በፊት አገሩንና ሰዉን የሚያሳይ መጽሐፍ ይሻላል። በጉዞ ላይ የመለያ መጽሐፍ። ባሌ ሳነቴ አምባ ላይ «በርድስ ኦቭ ዘ ሆርን ኦቭ አፍሪካ» በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ቢኖር ለሁሉም ይበቃል፤ ሥዕሉና ካርታው ፊት ለፊት ስለሆነ ወፏ ሳትበር ይደረስባታል። አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረውን ጥንብ አንሳ በዓይኑ አይቶ፣ ገጹን እዚያው የገለጠ ሰው ወፍ ማየት ይጀምራል። በስልክ አነባለሁ ለሚል ግን አንድ ምክር አለኝ፦ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ላይ የሚያድር ሰው ስልኩን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዞ ይተኛ። እኔ ለተራራ ወረቀት እመርጣለሁ።

5. መጽሐፉን አስገኙለት

ጠቁሞ መተው ግማሽ ሥራ ነው። የአማርኛዎቹ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ሻጮችና ከመጽሐፍ አዟሪዎች ይገኛሉ፤ ያለቀ ከሆነ ስልካችሁን ተዉላቸው፣ ፈልገው ይደውላሉ። የቆዩ የጉዞ መጻሕፍትን ለማንበብ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የሚተካከለው የለም፤ ወመዘክርንም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) ሞክሩ። የእንግሊዝኛዎቹን ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን የሚመጣ ዘመድ ያገለገለውን በርካሽ ያመጣል፤ የመጽሐፉን ርዕስና የጸሐፊውን ስም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ላኩለት።

በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍ አልክም፤ እናንተም ባትልኩ እመክራለሁ። በሕይወት ያለ አማርኛ ጸሐፊ ከመጽሐፉ ሽያጭ ሌላ የሚያገኘው ብዙ ነገር የለም፤ ቀጣዩን መጽሐፍ የምንፈልግ ከሆነ የአሁኑን እንግዛ።

6. ስታውሱ መዝግቡ

ማን ምን እንደወሰደ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላችሁ ስጡ፣ የክረምት ዝናብ ቦርሳ ውስጥም ይገባል። ሲመልስ «ወደድከው ወይ?» አትበሉ፤ «ወድጄዋለሁ» ይላል፣ ያልቃል። «የት ጋ አቆምክ?» በሉት። ገጽ 40 ላይ ካቆመ ቀጣዩ አጠር ያለ ይሁን፤ ሌሊቱን ጨርሶት ካደረ የዚያኑ ጸሐፊ ሌላ ሥራ ስጡት፤ ዛፎቹን ብቻ ነው ያየሁት ካለም ለወንጪው ጉዞ የአዜነን መጽሐፍ እሱ ይያዘው።