የቢሮ ጫጫታን እንዴት እንቻለው?

ሥራዬ ሂሳብ ማስታረቅ ነው። ከኋላዬ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ደግሞ ስልክ ሲያወራ ድምፁ ክፍሉን ይሞላዋል። ሐሳብ የሚበትነው ግን ጩኸቱ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ነው። አእምሮ የሚገባውን ወሬ ሳይወድ ይከተላል። የቬንትሌተር ድምፅ ግን ቶሎ ይለመዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ንግግሩን ሸፍኑት። ድምፅ የሚቀንስ ሄድፎን ብቻውን አይበቃም፤ ጎበዝ የሆነው እንደ ሞተር ባለ ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። የሰው ንግግር ሾልኮ ይገባል። እኔ የዝናብ ድምፅ ቀስ አድርጌ እከፍትበታለሁ። ግጥም ያለው ዘፈን አይሆንም፣ እሱም ሌላ ወሬ ነው። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ካላችሁ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ አቅጥኑት። ጆሯችሁን በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት፤ እስኪሰፋ ያዙት። ብዙ ሰው ጫፉን ብቻ ሰክቶ «አይሠራም» ይላል።

ሰውየውን ማናገር ግን አይቀርም። ሰው ፊት አይሁን። «ትጮሃለህ» አትበሉ። እኔ ያልኩት «ወንድሜ፣ ጠዋት ጠዋት ቁጥር ላይ ነኝ፤ ረጅም ስልክ ሲሆን ኮሪደር ብትወጣልኝ?» ነው። እሺ አለኝ። ሲረሳ እጄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ይገባዋል።

አለቃ ጋ መሄድ የመጨረሻው ነው። ያኔም ሰውን ከመክሰስ የመቀመጫ ለውጥ ጠይቁ።