ኩርባ ላይ ከእጃችሁ በፊት አይናችሁ ይታጠፍ

ከአዳማ ወደ አሰላ ስትወጡ ኩርባ ውስጥ መሪውን ቆረጥ ቆረጥ የምታደርጉ ከሆነ ችግሩ እጃችሁ አይደለም፣ ኮፈኑ አፍንጫ ስር ስለምታዩ ነው። እኔም መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰሞን እንደዛ ነበርኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የበሩን እጀታ ጨብጦ ነበር የሚሄደው።

እና ምን ታደርጋላችሁ፣ ገና ቀጥታው ላይ እያላችሁ ፍጥነት ቀንሱና አይናችሁን የኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ ተጠምዝዞ የሚሰወርበት ቦታ ላይ ጣሉ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የቀኙ አስፋልት ጠርዝ፣ ወደ ግራ ከሆነ ደግሞ የመሀሉ መስመር ማለት ነው። ላንድና ሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሹፌሮች ኩርባው ጋ ከመድረሳቸው ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ቀድመው እዛች ነጥብ ላይ እንደሚያዩ አሳይተዋል። 2 ሰከንድ ትንሽ እንዳትመስላችሁ፣ በ60 ስትነዱ 33 ሜትር ገደማ ነው!

ነጥቧ እየራቀች ከሄደች መንገዱ እየተከፈተ ነው፣ አይናችሁን ወደ መውጫው ላኩት፣ መሪው ራሱ ይከተላል። እየቀረበች ከመጣች ግን ኩርባው እየጠበበ ነውና እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ።

ደሞ እዛው ላይ ፍጥጥ ብላችሁ አትቅሩ፣ ስፖኪዮና ዳሽቦርድ ገረፍ አድርጎ መመለስ ነው። ከፊት ሲኖትራክ ከመጣ እሱን አታፍጡበት፣ ሰው ወዳየበት ነው የሚነዳው፣ የራሳችሁን መስመር እዩ። ማታ ረጅም መብራት ሲያበሩባችሁም ያው፣ ወደ ቀኙ ጠርዝ ነው ማየት።